የጥርስ ሥርና የአንጀት ሕማም፦ ስለ ዝምድናቸው የተደረገ ዳሰሳ

የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው የጥርሱ ሥር ሲመግል፣ ሁለቱ ሕማማት በአንድ ሥጋ ውስጥ በጉርብትና ከመኖር ያለፈ ዝምድና አላቸውን? አንዱ ሌላውን ይወልደዋልን፣ ያባብሰዋልን፣ ወይስ ሁለቱም ከሌላ ከሦስተኛ ምክንያት ይመነጫሉ? ጥያቄው ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚተው አይደለም፤ ያለ በቂ ማስረጃ «አዎን» ብለው የመለሱ ሐኪሞች የብዙ ሰዎችን ደኅና ጥርስ አስነቅለዋልና፣ ያለ ምርመራ «የለም» ብለው የሚያልፉት ደግሞ የመገለ ጥርስ በአፉ የያዘውን ሕሙም የሰውነቱን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት ያስጀምሩታልና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥርስ ከላይ ሲታይ እጅግ የጸና ቢሆንም፣ በመካከሉ የደም ሥርና ነርቭ የተጋመዱበት ለስላሳ ሥጋ አለ፤ ይህም ሥጋ በጠባብ ቦይ እስከ ሥሩ ጫፍ ወርዶ፣ በዚያ በምትገኝ ረቂቅ ቀዳዳ በኩል ከመንጋጋው አጥንት ጋር ይገናኛል። ጥርሱ በመበስበስ ሲቦረቦር ወይም በአደጋ ሲሰነጠቅ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ወደዚህ ሥጋ ይዘልቃሉ፤ ሥጋውም ይቆስላል፣ ይሞታል፤ ከሞተም በኋላ ደም ስለማይደርሰው፣ የሰውነት መከላከያም ሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ሊገባበት የማይችል የተሐዋስያን መሸሸጊያ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው አጥንት ቀስ በቀስ እየተበላ ይሄዳል፤ በራጅ ሥዕል ላይ ጥቁር ጥላ ሆኖ የሚታየው ይህ የተበላው ስፍራ ነው። የዚህ ሕማም ክፋቱ ብዙ ጊዜ ዝምተኛ መሆኑ ነው፤ ሰው ለዓመታት ተሸክሞት ሲኖር አንዳች ሥቃይ ላይሰማው ይችላል። ምክንያቱም ተሐዋስያን መሆናቸው በ1965 በአሜሪካ በተደረገ ፈተና ከጥርጥር ወጥቷል፤ ከተሐዋስያን ፈጽሞ ነጽተው ያደጉ አይጦች የጥርሳቸው ውስጥ ሥጋ በመሰርሰሪያ ሲገለጥ ቁስሉ በራሱ ሲድን፣ እንደ ልማዳቸው ያደጉት አይጦች ጥርስ ግን መግሎ ሞተ። በ1976 ደግሞ በስዊድን በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ዮራን ሱንድክቪስት በአደጋ ሞተው ሳይቦረቦሩ የቀሩትን ጥርሶች ከፍቶ ቢመረምር፣ አጥንታቸው የተበላው ተሐዋስያን ያሉባቸው መሆናቸውን፣ ከተሐዋስያኑም የሚበዙት ያለ አየር የሚኖሩ መሆናቸውን አሳየ።

የአንጀት ብግነት የሚባለው ሕማም በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን የሚያቆስለው አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ሲሆን፣ የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ በ1859 ስሙን አንሥቶ ጽፎበታል። ሁለተኛው የክሮን ሕማም ነው፤ ይህኛው የአንጀቱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ የሚያቆስል፣ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው መንገድ ሁሉ ሊወጣ የሚችል ነው። በ1913 በግላስጎው ዳልዚል የተባለ ቀዶ ሐኪም ገልጾት ነበር፤ ዓለም የሰማው ግን በ1932 በኒው ዮርክ የማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሐኪሞች የነበሩት ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር በአንድነት ባሳተሙት ጽሑፍ ነው፤ ሕማሙ በክሮን ስም መጠራቱም ስማቸው በፊደል ተራ ሲጻፍ የእርሱ ቀዳሚ በመሆኑ ነው ይባላል። ሁለቱም ሕማማት እየተነሡና እየበረዱ ዕድሜ ልክ የሚኖሩ ናቸው፤ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስ፣ የሰውነት መክሳት ያመጣሉ። የክሮን ሕማም በአፍ ውስጥም እንደሚወጣ ከ1969 ጀምሮ በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል፤ ከንፈርን ያሳብጣል፣ የጉንጭን ውስጥ ያሻክራል፣ ያቆስላል። ነገር ግን ይህ በአፍ ሽፋን ላይ የሚወጣ የራሱ የአንጀቱ ሕማም ነው እንጂ በጥርስ ሥር ጫፍ የሚቋጠረው መግል አይደለምና፣ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

የጥርስን መግል ከሩቅ የሰውነት ክፍል ሕማም ጋር ማያያዝ ዛሬ የተጀመረ ሐሳብ አይደለም። በበርሊን በሮበርት ኮህ ጥበብ የሠለጠነው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር፣ አፍ ለሌሎች አባለ ሥጋ የተላላፊ ሕማም ምንጭ መሆኑን በ1891 ጻፈ። በ1910 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ባሰማው ንግግር፣ በወርቅና በድልድይ የተሸፈኑ የበሰበሱ ጥርሶች ለብዙ ስውር ሕማማት ምክንያት ናቸው ብሎ የጥርስ ሐኪሞችን አጥብቆ ወቀሰ። ከዚያ ንግግር በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል በአሜሪካና በእንግሊዝ የሆነውን ለማመን ይከብዳል፤ የመገጣጠሚያ ሕማም ያለበት፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ ድካም የበዛበት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት የያዘው ሁሉ፣ መጀመሪያ ጥርሱን እንዲያስነቅል ይታዘዝ ነበር።

የአንጀቱ ሕማም ከዚህ ማዕበል አልዳነም። በሚኒሶታ በማዮ ክሊኒክ የነበረው አርኖልድ ባርገን፣ በዚያው ስፍራ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ሮዝናው «ተሐዋስያን ከአንድ ጎሬ ተነሥተው የሚመርጡትን አባለ ሥጋ ያጠቃሉ» እያለ በሚያስተምረው ትምህርት እየተመራ፣ የአልሰሬቲቭ ኮላይቲስን ምክንያት አገኘሁ ብሎ በ1924 አንድ ዓይነት ጥንድ ተሐዋስ አስታወቀ፤ ክትባትና ሴረምም አዘጋጀለት፤ የሕሙማኑም የመገሉ ጥርሶችና ቶንሲሎች እንዲወጡላቸው መከረ። ሌሎች ሊቃውንት ነገሩን ደግመው ሲፈትሹት ግን ያ ተሐዋስ የሕማሙ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። ከዚህ የከፋው በኒው ጀርዚ በትረንተን ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የበላይ የነበረው የሄንሪ ኮተን ሥራ ነው፤ እብደት ከስውር መግል ይመነጫል ብሎ ስላመነ፣ የሕሙማኑን ጥርሶች በሺህ በሺህ አስነቀለ፤ ጥርስ ነቅሎ ፈውስ ሲያጣም ወደ ቶንሲል፣ ከዚያም ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ እርሱን ቆርጦ እስከማውጣት ደረሰ፤ ብዙዎችም በዚያ ቀዶ ሕክምና ሞቱ። ኮተን ጨካኝ ሰው ስለነበረ ይህን እንዳደረገ የሚያሳይ የለም፤ ሐሳቡን ከልቡ ያመነ፣ በዘመኑም የተመሰገነ ሐኪም ነበር። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ መፍትሔው ከማስረጃው ቀድሞ ሲሮጥ፣ ዋጋውን የከፈሉት እንቢ ለማለት አቅም ያልነበራቸው ሕሙማን ናቸው።

ይህን ሳነሣ የራሳችንን አገር ማለፍ አይቻለኝም። ጥርስና አንጀት ተዛምደዋል የሚለው እምነት በእኛም ዘንድ የኖረ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው፣ ድዱም ገና ባልወጣው ጥርስ ምክንያት አበጥ ብሎ ሲታይ፣ «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ተሰንጥቆ ያልበቀለው የወተት ጥርሱ ተፈንቅሎ የሚወጣበት ልማድ፣ እንጥል ከማስቆረጥ ጋር አብሮ፣ ገና ከብዙ መንደር አልጠፋም። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ የኢየሩሳሌም የጥርስ ሐኪሞች በልጆቻቸው አፍ ውስጥ የጎደሉትን ክራንቻ ጥርሶች አይተው፣ ይህንኑ ልማድ በ1994 በጽሑፍ አስታውቀዋል። እናት የልጇን ተቅማጥ ለማቆም በያዘችው ጭንቀት የምታደርገው ነውና አልፈርድባትም፤ ነገር ግን የሕፃኑ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከውኃውና ከምግቡ የመጣ ነው፣ በድዱ መሰንጠቅ የሚጨመርለትም ደም መፍሰስና አዲስ መመረዝ ብቻ ነው። እንግዲህ በትረንተንም በገጠር መንደራችንም የተፈጸመው ስሕተት በባሕርዩ አንድ ነው፤ ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ አንዱ የሌላው አባት ተደርጎ ተቈጠረ።

የጥርስ ነቀላውን ዘመን የዘጋው የቈጠራና የንጽጽር ሥራ ነው። ራስል ሲስል የተባለው የኒው ዮርክ ሐኪም ቀድሞ ሕማም ከስውር መግል ይመነጫል የሚለው ትምህርት ደጋፊ ሆኖ ሳለ፣ በ1938 ከአንጀቫይን ጋር ሁለት መቶ የመገጣጠሚያ ሕሙማንን መርምሮ የጥርስና የቶንሲል መውጣት እንዳልጠቀማቸው በግልጽ አስታወቀ፤ በ1940 ራይማንና ሄቨንስ ያሳተሙት ሰፊ ትችት ተከተለ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተረሳ፤ እንዲያውም ነገሩን የሚያነሣ ሐኪም እንደ ኋላ ቀር ይታይ ጀመር። ይህም በበኩሉ ጥቂት ጉዳት አላደረሰም፤ የጥርስ ሕክምና ከሰውነት ሕክምና ተለይቶ በየራሱ ቤት ተዘግቶ ቀረና።

ጥያቄው በዘመናችን የተመለሰው በቈጠራ መንገድ ነው። ከጥናቶቹ ጎልቶ የሚጠቀሰው በስፔን በሴቪል ከተማ ተሠርቶ በ2020 የታተመው ነው፤ ሃምሳ አራት የአንጀት ብግነት ሕሙማንን በዕድሜና በጾታ ከሚመስሏቸው ሃምሳ አራት ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ ቢያንስ በአንድ ጥርሳቸው ሥር መግል የተገኘባቸው ከሕሙማኑ ከሦስት አንድ ያህል፣ ከጤነኞቹ ግን ከስድስት አንድ ያህል መሆናቸውን አሳየ። በኢጣልያ በሰርዲንያ ደሴት በካልያሪ የሚገኙ ተመራማሪዎችም በ2017 ከዚህ ሰፋ ባለ የሕሙማን ቊጥር ላይ ተመሳሳይ ንጽጽር አሳትመዋል። በሴቪል የታየው ልዩነት እጥፍ ያህል ስለሆነ ሰውን ያስደንቃል፤ ሆኖም አኃዙን ከሌላ አኃዝ አጠገብ ማኖር ይገባል። በ2021 ከብዙ አገሮች ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ትንታኔ፣ በዓለም ካሉት አዋቂዎች ከመቶው 52 ያህሉ ቢያንስ በአንድ ጥርሳቸው ሥር ይህ ሕማም እንዳለባቸው፣ ከጥርሶች ሁሉ ደግሞ ከመቶው 5 ያህሉ እንደ ታመሙ ገምቷል። እንግዲህ በሴቪል የተመረጡት ሕሙማን ከዓለም ግምት በታች ናቸው፤ ጤነኞቹ ደግሞ እጅግ በታች ናቸው። ይህ ማለት ልዩነቱ ከሕሙማኑ መባባስ ይልቅ ለንጽጽር ከተመረጡት ጤነኞች ጥሩነት የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የራጁም ዓይነት ነገሩን ይለውጠዋል፤ መላውን መንጋጋ በአንድ ሥዕል የሚያነሣው ራጅ ትንንሹን የአጥንት መበላት ይስተዋል፣ በየአቅጣጫው የሚያነሣው አዲሱ መሣሪያ ግን ይገልጠዋል።

ሌላም እንቅፋት አለ። አጫሽነት የጥርስን ሥር ሕማም እንደሚያበዛ፣ የክሮንንም ሕማም እንደሚያከፋ የታወቀ ነው፤ በአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ግን ነገሩ ተገልብጦ ሕማሙ ማጨስ በተዉት ላይ ሲበዛ ይታያል። ስለዚህ ሁለቱን ሕማማት በአንድ ከረጢት ከትቶ «የአንጀት ሕሙማን» ብሎ የሚቈጥር ጥናት፣ ሲጋራ በአንደኛው በኩል የሚጨምረውን በሌላው በኩል ሲቀንስ ሳያይ ያልፋል። በዚህ ላይ አንጀቱ የታመመ ሰው ቅጠላ ቅጠልና ጥሬ ስለማይስማማው ለስላሳና ጣፋጭ ምግብ ያዘወትራል፤ ሕማሙ በተነሣበት ሰሞን ጥርሱን የማጽዳት አቅም ያጣል፤ በክሮን ሕሙማን ዘንድ የተቦረቦረ ጥርስ በዝቶ መገኘቱም ከዚህ ጋር ይስማማል። የተቦረቦረ ጥርስ ከበዛ የመገለ ሥር መብዛቱ አይቀርም፤ ለዚህም ረቂቅ የደም ትስስር መፈለግ ግድ አይሆንም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ዝምድናው ከንቱ ግምት ነው ወደ ማለት አልሄድም፤ በቤተ ሙከራ የተገኘው ነገር ከሀንተርና ከባርገን ዘመን ይልቅ እጅግ የጠነከረ ነውና። ሰው በቀን እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ይውጣል፤ ከምራቁ ጋር የሚወርዱት ተሐዋስያን አብዛኞቹ በጨጓራ አሲድ ይሞታሉ፣ በጤነኛ አንጀት ውስጥም ስፍራ አያገኙም። በ2014 በሰሜን አሜሪካ ገና መድኃኒት ያልጀመሩ የክሮን ሕሙማን ሕፃናት አንጀት ሲመረመር ግን፣ ልማዳቸው አፍ ውስጥ መኖር የሆነ የተሐዋስያን ወገኖች በዝተው ተገኙ፤ ከነዚህም አንዱ ፉሶባክቴሪየም ነው፤ እርሱም ከመገሉ የጥርስ ሥሮች ዘወትር የሚወጣ ነው። በ2017 በጃፓን በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የኬንያ ሆንዳ ጓዶች ከክሮን ሕሙም ምራቅ የወሰዱትን ክሌብሲየላ የተባለ ተሐዋስ ከተሐዋስያን በነጹ አይጦች አንጀት ውስጥ ቢያኖሩት፣ የመከላከያ ሕዋሳትን ቀስቅሶ ብግነት አስነሣ። በ2020 ደግሞ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአይጦችን ጥርስ በክር አስረው ድዱን ቢያስቆጡት፣ በአፍ ውስጥ የበዙት ተሐዋስያን ወደ ቆሰለው አንጀት ወርደው ቁስሉን አባባሱት፤ ይልቁንም የሚደንቀው፣ በአፍ ውስጥ እነዚህን ተሐዋስያን መዋጋት የተማሩት የመከላከያ ሕዋሳት ራሳቸው ወደ አንጀት ተጉዘው በዚያ ጠላታቸውን ሲያገኙ ጦርነቱን ማቀጣጠላቸው ነው።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ የሚሺጋኑ ፈተና ስለ ድድ ብግነት ነው እንጂ ስለ ጥርስ ሥር መግል አይደለም። የድድ ቁስል ወደ አፍ ክፍት ስለሆነ ተሐዋስያኑን በምራቅ በየሰዓቱ ያፈስሳል፤ የጥርስ ሥር መግል ግን በአጥንት ውስጥ የተዘጋ ነው። ስለዚህ የጥርሱ ሥር አንጀትን የሚነካ ከሆነ፣ መንገዱ ይበልጡን በደም በኩል መሆን አለበት፤ በሥሩ ጫፍ ያለው ብግነት ወደ ደም የሚልካቸው ቀስቃሽ ቅመሞች አሉና፣ የጥርሳቸው ሥር በመገለ ሰዎች ደም ውስጥ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ብዙ ጥናቶች ተስማምተዋል። ምልክት ከፍ ማለቱ ግን አንጀት ቆሰለ ማለት አይደለም።

ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከአንጀት ወደ ጥርስ ብንመለከተው፣ በእኔ ፍርድ ማስረጃው ይበልጥ ይጨበጣል። አንጀቱ የቆሰለ ሰው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አጥርቶ አይቀበልም፤ ለሕክምናው ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወስድ አጥንቱ ይሳሳል፤ ቲ ኤን ኤፍ የሚባለው ቀስቃሽ ቅመም በአንጀቱም፣ አጥንት በሚበላበት በጥርሱ ሥር ጫፍም የሚሠራ አንድ ራሱ ነው። ይህን ቅመም የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ ለክሮን ሕማም በአሜሪካ ከተፈቀደበት ከ1998 ጀምሮ የብዙ ሕሙማን ሕይወት ተለውጧል፤ የካልያሪ ተመራማሪዎችም በ2018 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዚህ ዓይነት መድኃኒት ላይ ያሉ የአንጀት ሕሙማን ጥርሳቸው በሚገባ ከታከመ በኋላ በሥሩ ዙሪያ ያለው አጥንት ከሌሎቹ ፈጥኖ ሲጠግን ማየታቸውን አስታወቁ። ይህ የሚያጽናና ዜና ነው፤ ቢሆንም ቃሉ «ከታከመ በኋላ» ነውና በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ያልታከመ መግል ባለበት የመከላከያውን እጅ ማሰር ሌላ ነገር ነው፤ ብግነቱ ሲደበቅ ሥቃዩም ስለሚደበቅ፣ ተሐዋስያኑ ሳይታወቁ ሊሰፉ ይችላሉ።

ስለዚህ የዳሰሳዬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የታመመ የጥርስ ሥር መታከም ያለበት አንጀትን ይፈውሳል ተብሎ ሳይሆን ራሱ ሕማም ስለሆነ፣ ይልቁንም የሰውነት መከላከያን የሚያደክመው መድኃኒት ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው። አንጀትህ ይድናል ብሎ ጥርስ መንቀል የትረንተንን መንገድ መድገም ነው፤ ሊድን የሚችል ጥርስ በሩት ካናል ሕክምና ውስጡ ተጠርጎና ተደፍኖ በስፍራው ሊኖር ይችላልና። እንዲያውም በስቴሮይድ ምክንያት አጥንቱ ስለሳሳ ቢስፎስፎኔት የሚባለውን የአጥንት መድኃኒት ለሚወስድ ሕሙም፣ የጥርስ ነቀላ የመንጋጋ አጥንት መሞትን ሊያስከትልበት ስለሚችል፣ ጥርሱን ማትረፉ ይመረጣል።

በአገራችን ይህ ሁሉ ከአንድ ሌላ ችግር ጋር ይያያዛል። የክሮን ሕማምና የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ በምልክትም፣ በራጅም፣ በቁስሉ መልክም እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገር ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው እርሱን መሆኑም ተገቢ ነው። ኢንፍሊክሲማብ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ነቀርሳ እንደሚቀሰቅስ በ2001 ከታወቀ ወዲህ፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የነቀርሳ ምርመራ ማድረግ የብዙ አገሮች ሥርዓት ሆኗል፤ የጥርስ ምርመራ ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ እንደ እንግዳ ይታያል። የአንጀት ብግነት የእኛ ሕማም አይደለም የሚል ሐሳብም ከእንግዲህ አያዋጣም፤ በእስራኤል ያሉ ሐኪሞች ሲገቡ ይህ ሕማም እምብዛም ያልታየባቸው የኢትዮጵያ ተወላጆች፣ በዚያ አገር ዓመታት ሲቈጥሩ በተለይ በክሮን ሕማም መያዝ እንደ ጀመሩ አስተውለዋል። የደም ዘር ሳይለወጥ የኑሮውና የምግቡ ለውጥ ብቻውን ይህን ካመጣ፣ በአዲስ አበባም ኑሮውና ምግቡ እየተለወጠ መሆኑን እናውቃለን።

በመጨረሻ፣ ለሕሙማኑ ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆነው አደጋ የጥርስ ሕመም ማስታገሻው ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚውጣቸው አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ በርዶ የነበረውን የአንጀት ቁስል ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ ለእነዚህ ሕሙማን ፓራሲታሞል ይመረጣል። አንቲባዮቲክም እንደዚሁ ነው፤ በሞተው የጥርስ ሥጋ ውስጥ ስለማይገባ መግሉን ለጊዜው ከማብረድ በቀር አያድንም፤ በአንጀቱ ያሉትን ደጋግ ተሐዋስያን ግን ያጠፋል፤ በተለይ ክሊንዳማይሲን ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለውን አደገኛ ተሐዋስ ሊያነግሥ ይችላል፣ ይህም ተሐዋስ አንጀታቸው በቆሰለ ሰዎች ላይ ይከፋል። ፊቱ ያበጠና ትኩሳት የያዘው ሕሙም አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፤ እብጠትና ትኩሳት የሌለበት ግን የሚያስፈልገው ጥርሱ ተከፍቶ መጠረጉ ነው። ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ የአንጀት ብግነት ሕሙም የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም፣ መጠንና የጀመረበትን ጊዜ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ የአንጀት ሐኪሙም የመከላከያ ማድከሚያ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የጥርስ ራጅ አስነሥቶ እንዲመጣ ይላከው።